ማጥፋት የማይቻል ስልክ

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ያረፈ ዕለት ወሬውን ከእሷ በፊት የሰማሁት እኔ ነበርሁ። የደወለችልኝ የአጎቷ ልጅ ናት። ታለቅስ ነበር፤ እኔ ግን ከማጽናናቴ በፊት የለመድሁትን ጠየቅሁ። የት ነው ያረፈው? ምን ሆኖ? ሐኪም አይቶታል? በሚኖርበት በነታንያ ከተማ፣ ቤቱ ውስጥ፣ በልብ ሕመም። ሐኪም አይቶታል። ቀብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

«እሷ ሰምታለች?» አልኋት።

«አልሰማችም። አባባ እኛ ቤት አምጧት፣ እዚህ እንነግራታለን ብለዋል። አንተ ግን ከሁሉ በፊት ስልኳን ያዝ።»

አባባ የምትለው አባቷን ነው፤ የሚስቴ አጎት ናቸው። የሚስቴ እናትና አባት ካረፉ ወዲህ የቤተሰቡ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። በከተማችን ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሠፈር ይኖራሉ፤ ክፉም ደግም የሚነገረው እሳቸው ቤት ነው።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ፣ መንገድ ላይ ሳለ ወይም ባዶ ሆዱን እያለ አይነገረውም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የሚወድቅ ቢወድቅ የሚደግፈው ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። ከጎንደር ገጠር ስንመጣ ይዘናቸው ከመጣናቸው ነገሮች ብዙውን እዚህ ትተናል፤ ይህን አልተውነውም። ሥርዓቱን ያከበደው ስልክ ነው። አሁን ሰው ባረፈ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፎቶግራፉ ከሻማ ጋር ተደርጎ በዘመድ ስልክ ሁሉ ይዞራል። የምናውቃት አንዲት ሴት የእናቷን መሞት የሰማችው እንዲህ ካለ ፎቶግራፍ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ። ወርዳ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ያነሷት የማታውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ ለምን እንደምታለቅስ እንኳ በቋንቋቸው ልትነግራቸው አልቻለችም።

ሚስቴ ያኔ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ «እኔን እንዲህ እንዳታደርጉኝ። ምንም ቢሆን ሰው መሃል ንገሩኝ» አለችኝ። እሺ አልኋት። ለሚስቴ ቃል የምገባበት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ ይህን ገብቼ ነበር።

ሥራዬ ዘጋቢነት ነው። በዚህ አገር ስለሞተ ሰው የሚጽፍ ጋዜጠኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ? በተለይ የሞተው ወታደር ከሆነ፣ ስሙን እያወቁ፣ እጅ ላይ እያለ፣ ቤተሰቡ እስኪነገረው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። በዚያ ጥበቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። የዚያን ቀን የተለየው የምጠብቅለት ቤተሰብ የራሴ መሆኑ ነው፤ ሌላው ደግሞ የመኪናችን ቁልፍ።

ስለ መኪናችን መናገር አለብኝ። ሚስቴ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ከገዛች ብዙም አልቆየችም። መኪናዋ የሚዞር ቁልፍ የላትም፤ ቁልፏ የሚስቴ ስልክ ነው። ስልኩ በቦርሳዋ እያለ ስትቀርብ በሩ ይከፈታል፣ ስትርቅ ይቆለፋል። እኔ ነገሩን እጠራጠር ነበር፤ ለጋዜጣው ልጽፍበት አስቤም ሰዎችን አነጋግሬያለሁ። ስልኩና መኪናዋ የሚነጋገሩት በብሉቱዝ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት፣ ከመሬት በታች ባለ ማቆሚያም ይሠራል። ስልኩ ከጠፋ ወይም ባትሪው ካለቀ ግን መኪናዋ ማንንም አታውቅም። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ተብሎ የባንክ ካርድ የመሰለ መጠባበቂያ ካርድ ይሰጣል። ያነጋገርኋቸው አብዛኞቹ ባለ መኪናዎች እምነት የሚጣልበት ነገር ነው አሉኝ። ጥቂቶቹ አንድ ቀን እንደከዳቸው ነገሩኝ። ስንት ጊዜ እንደሠራላቸው ግን ሁለቱም ወገኖች አልቆጠሩትም፤ ስለዚህ ጽሑፉን አዘገየሁት።

የእኔ ስልክ አሮጌ ስለሆነ የመኪናዋን ፕሮግራም አይቀበልም። ካርዱን የት እንዳደረግነው ለማወቅ ወታደር ለሆነችው ልጃችን ደወልሁ፤ ሰንበትን ቤት ስታሳልፍ መኪናዋን በካርዱ የነዳችው እሷ ናት። የአጎቷን ማረፍ ነገርኋት። አለቀሰች፤ እስክታበቃ ጠበቅሁ። ለእናቷ እንዳትደውል፣ አለቆቿን አስፈቅዳ በቀጥታ ወደ ነታንያ እንድትሄድ ነገርኋት። ከዚያ ስለ ካርዱ ጠየቅኋት።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አባዬ። እዚህ ጸባ፣ ጦር ሰፈሩ ውስጥ፣ እኔ ጋ።»

እንግዲህ የቀረን ቁልፍ አንድ ነው፤ ልይዘው የታዘዝሁት ስልክ። ላጠፋው የሚገባኝም፣ ላጠፋው የማልችለውም እሱው ነበር። ታክሲ ልጥራ ብዬ አስቤ ተውሁት። መኪናችን የሥራ ቦታዋ ደጅ ቆማ በታክሲ እንሂድ ብላት ሚስቴ ታክሲው ውስጥ ሳትገባ ትረዳው ነበር።

እሷ የምትሠራው እኛው ሠፈር፣ ሮቫ ዩድ ውስጥ ባለ ጋን ነው፤ ትንንሽ ሕፃናት የሚውሉበት ቦታ። እዚያ ሠራተኞች ስልካቸውን ጠዋት ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ከሰዓት ነው የሚወስዱት። ያ ደንብ እስከዚያ ሰዓት ጠብቋት ነበር፤ ሻይ ሲጠጡ ግን አንዳንዴ ያዩታል። በእግሬ ሄድሁ። ላለመሮጥ ተጠንቅቄ ነው የሄድሁት፤ የሮጠ ሰው ፊት ያስታውቃል።

የጋኑን ኃላፊ ደጅ ጠራኋትና ነገሩን በዕብራይስጥ በአጭሩ ነገርኋት። ከሞሮኮ ቤተሰብ የተወለደች ትልቅ ሴት ናት። ዓይኗ እንባ ሲሞላ እባክሽ አሁን አይሆንም አልኋት። ለምን እዚሁ እንደማልነግራት ጠየቀችኝ። ልማዳችን እንደሆነ ነገርኋት። በእነሱም ቤት ድሮ አያቶቿ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር፣ እነሱ እንደተዉት ነገረችኝ። ከዚያ ገብታ ስልኩን በፎጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ለምን በፎጣ እንደጠቀለለችው አልጠየቅኋትም። ሚስቴን ቀስ ብላ እንድትጠራልኝ፣ መጀመሪያ ግን መኪናዋ ዘንድ እንድደርስ ጊዜ እንድትሰጠኝ ለመንኋት።

የስልኩ ፊት በስም ተሞልቶ ነበር። የነታንያ ዘመዶች፣ የቂርያት ጋት ዘመዶች፣ ከእኔም ጋር ለዓመታት ያልተነጋገሩ ሰዎች። የላኪው ስም ብቻ ነው የሚታየው፤ ጽሑፉን ለማየት የእሷ ፊት ወይም የምስጢር ቁጥሯ ያስፈልጋል። ስሞቹን አንድ በአንድ ከፊቱ ላይ ጠረግሁ።

መኪናዋ አጠገብ ስደርስ በሩ ተከፈተ። ገብቼ ተቀመጥሁ። ወዲያው ከፊት ያለው ሰሌዳ በራና በዕብራይስጥ የምታወራው የማሽን ድምፅ፣ አዲስ መልእክት መጥቷል፣ ላንብበው ወይ ብላ የወንድምየውን ልጅ ስም ጠራች። መኪናዋ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ማንበብ አትችልም፤ ዕብራይስጡን ግን አጥርታ ታነባለች። ልጆቻችን ደግሞ ሐዘናቸውንም የሚጽፉት በዕብራይስጥ ነው። አታንብቢ የሚለውን እስክነካ ሁለተኛ ስም ጠራች።

ሚስቴ እዚህ ወንበር ላይ ብትሆን ኖሮ አለቀ ማለት ነው። የስልኩን ድምፅ ብዘጋም ሰሌዳው ላይ የሚመጣውን ስም አልዘጋውም። ስለዚህ ስልኩ ሳይከፈት ከላይ ወደ ታች ጎተት ሲያደርጉት ከሚመጡት ምልክቶች መካከል የአውሮፕላኗን ነካሁ። ጥሪውም መልእክቱም ተቋረጠ። ብሉቱዙም አብሮ ተቋረጠና ሰሌዳው ቁልፍ የለም አለኝ። ከዚያ አውሮፕላኗን እንደበራች ትቼ ብሉቱዙን ብቻ መልሼ አበራሁ። ለጽሑፉ ያነጋገርሁት አንድ ባለሙያ ይህ ይቻላል ብሎኝ ነበር፤ ሞክሬው ግን አላውቅም። ሰሌዳው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ቁልፉን አገኘ። ወጥቼ፣ ራቅ ብዬ፣ ተመልሼ ሞከርሁት። ተቆለፈ፤ ተከፈተ። ከዚህ በላይ ማረጋገጫ ማግኘት የማልችልበት ሰዓት ነበር።

ሚስቴ የሥራ ሽርጧን እንደለበሰች ወጣች።

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት?»

አባባ የደም ግፊታቸው ከፍ ስላለ እንድንመጣ እንደሚፈልጉ ነገርኋት። ሐሰት አልነበረም። የአጎቷ ልጅ ይህን በላት ስትለኝ በእርግጥ ለክታችኋል ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ ለክተውታል፣ ከፍ ብሏል። የወንድማቸውን ልጅ ሞት የሰሙ ሽማግሌ ናቸው፣ ከፍ ባይል ነበር የሚገርመኝ።

«የእሳቸው ግፊት መቼ ዝቅ ብሎ ያውቃል?» አለች። «ዛሬ ደግሞ ማን አናደዳቸው?» ቦርሳዋን ስትፈትሽ ቆመች። «ስልኬን ረሳሁት።»

«እኔ ጋ ነው። ኃላፊዋ ሰጥታኛለች።»

«ስጠኝ እንግዲያ።»

«እኔ ነኝ የምነዳው። ቁልፍ የሚነዳው ሰው ጋ ይሁን።»

ሳቀች። «ዛሬ ቁልፍ ሆነልህ? እስከ ትናንት የልጆች መጫወቻ ስትለው አልነበር?»

ስትስቅ እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርሁ። ስልኩ በደረት ኪሴ ነበር፤ በየትኛውም ጊዜ ይናገራል ብዬ የምጠብቀው ይመስል አንገቴ ደርቆ ነው የነዳሁት። አልተናገረም። መኪናዋም ጸጥ አለች። ሚስቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ስለ አንድ ምግብ እምቢ ስላለ ሕፃን ታወራልኝ ጀመር። የባሕሩ ነፋስ ሙቅ ነበር። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ከጎናችን የቆመው መኪና ውስጥ የምናውቀው ሰው እንዳይኖር አየሁ።

ያላሰብሁት ነገር የመጣው ሮቫ ጊሜል ስንደርስ ነው።

«እዚህ ጋ አቁም» አለች። «ፍራፍሬ ልግዛ።»

እንቸኩል አልኋት። የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጇን እንደማትገባ፣ እኔም ይህን ማወቅ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ልክ ነበረች። ታመሙ ብዬ የነገርኋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ፍራፍሬው የግድ ነው። ቤተሰቡ ይህን ምክንያት ሲመርጥ ይህን ማንም አላሰበውም። እሷ አትክልት ቤት ገብታ እኔ መኪና ውስጥ እንድቆይ ፈለገች፤ ብቻዋን ልተዋት አልቻልሁም። ጊሜል ውስጥ ከሚገበያየው ሰው ግማሹ ያውቀናል፤ ወንድሟንም ያውቃል። አብሬያት ወረድሁ። ከኋላችን መኪናዋ ተቆለፈች።

ኮክ እየመረጠች ሳለ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከወይኑ ሳጥን ቀና አሉ። የአባባ ጎረቤት ናቸው። ሚስቴን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ እጃቸው ነጠላቸውን ይዞ ወደ አፋቸው መነሣት ጀመረ። በሚስቴ ትከሻ ላይ ዓይን ለዓይን ገጠምን። ራሴን በትንሹ ነቀነቅሁ፤ አይሆንም ለማለት። እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

«ልጄ…» አሉ። ከሳጥኑ አንድ ዘለላ አነሡና፣ «ልጄ፣ ይህ ወይን ይጣፍጥ ይሆን? እኔ ጥርሴን ያመኛል። እስኪ አንቺ ቅመሽልኝ» አሉ።

ሚስቴ እንዴት ዋሉ ብላ ስማቸው ወይኑን ቀመሰች። ይጣፍጣል አለቻቸው። አንዱን ብቻ ቀምሶ አይታወቅም ብለው ደገሙላት። ከዚያ መርቀዋት ምንም ሳይገዙ ወጡ።

«ምን ሆነዋል እሳቸው?» አለችኝ ስንወጣ። «ያለቀሱ ይመስላሉ።»

ዓይናቸውን ሳያማቸው አልቀረም ማለት እችል ነበር። አላልሁም። አየሁ፣ አልሁ ብቻ።

ኮኩንና ወይኑን በሁለት ከረጢት ይዤ መኪናዋ ዘንድ ስደርስ በሩ አልተከፈተም።

ከረጢቱን ወደ ግራ እጄ አዛውሬ እንደገና ጎተትሁት። አልተከፈተም። ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ ወደ በሩ አስጠጋሁት። አይሠራም። የአውሮፕላኗ ምልክት አለ፣ ብሉቱዙም በርቷል። አጥፍቼ አበራሁት። ባትሪው ቀይ ሆኗል፤ ገና አላለቀም። ለምን እንደከዳኝ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። በኋላ የጥገና ክፍሉን ስጠይቅ አንዱ ባትሪው ሲያንስ ስልኩ ፕሮግራሙን ዘግቶት ይሆናል አለኝ፤ ሌላው ፕሮግራሙ አልፎ አልፎ የባለቤቱን ፊት ለማየት ይፈልጋል አለኝ። ሁለቱ መልሶች አይስማሙም። የሚስማሙት መፍትሔው ላይ ነው፤ ስልኩ በባለቤቱ ፊት መከፈት አለበት።

አባባ ቤት በእግር ሩቅ አይደለም። ግን ከጊሜል ተነስቶ ዳሌት ለመግባት በሱቆቹ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያውና ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት አደባባይ ማለፍ ግድ ነው። ወሬው እዚያ ሁሉ ደርሷል። እንደዚያች እናት ሐዘናቸውን መልሰው የሚውጡት ሁሉም አይሆኑም፤ አንዱ እግዜር ያጥናሽ ካለ መንገድ ላይ ነው የምትሰማው። እስከዚያች ደቂቃ ከወሬ የከለለቻት መኪናዋ ነበረች፤ አሁን ተቆልፋ ቆማለች፣ እኛ ደጅ ነን። ታክሲ ልጥራ ብዬ የራሴን ስልክ አወጣሁ።

«ምን ታደርጋለህ?» አለች ሚስቴ። «ስጠኝ እኔ ልክፈተው። የሚያውቀው የእኔን ፊት ነው።»

እጇን ዘረጋች።

ስልኩን አልሰጠኋትም። ቆይታው ረጅም አልነበረም፤ ግን እሷ አይታዋለች። ከሃያ ዓመት በላይ አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ የተጠየቅሁትን ነገር ሳልሰጥ ስቆም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ዓይኗ ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ። የስልኩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ አውሮፕላን አየች።

ያ ምልክት ለሌላ ሰው ምንም አይነግረውም። እኛ ዘንድ ግን ባል በሥራ ሰዓት መጥቶ፣ ስልክሽን ይዞ፣ ዘግቶት፣ ወደ ሽማግሌ ቤት ሲወስድሽ ነገሩ አንድ ብቻ ነው። እሷ ራሷ ለሌሎች ሴቶች እንዲህ አድርጋለች፤ የእህትን ስልክ በሽርጧ ውስጥ ደብቃ ሻይ ስታፈላ አይቻታለሁ።

መልኳ ጠፋ። የመኪናዋን ጣሪያ ያዘች፤ ብረቱ በፀሐይ ግሏል፣ እጇን ግን አላነሳችም።

«ልጄ ናት?» አለች።

የሄድሁበት ሥርዓት ለዚህ ጥያቄም ዝም በል ይላል። ማን እንደሆነ መንገድ ላይ አይነገርም። ልጅሽ አይደለችም ማለት ሌላ ሰው ነው ማለት ነው፤ የቀረውን እሷ ቆጥራ ትደርስበታለች። ግን በዚህ አገር ወታደር ልጅ ያላት እናት ይህን ጠይቃ አንዲት ደቂቃ እንኳ መልስ ሳይሰጣት እንድትቆም ማድረግ ከእኔ አቅም በላይ ነበር።

«አይደለችም። ጠዋት ድምፅዋን በራሴ ጆሮ ሰምቻለሁ። ደህና ናት።»

«በሕይወቴ በል።»

«በሕይወትሽ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ሰው በአጠገባችን ያልፍ ነበር፤ አንዱ መኪናችሁን ልታነሱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ቦታውን ፈልጎ። በእጄ ጠብቅ አልሁት። ሚስቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ሌላውን አትንገረኝ» አለች። «ሰው መሃል ልስማው።»

ስልኩን ሰጠኋት። ከዚህ በኋላ ላደርግ የምችለው ነገር አልነበረም። ስልኩ በእጇ ነው፤ ፊቷን ሲያይ ይከፈታል፤ አውሮፕላኗን ከማብራቴ በፊት የገቡት መልእክቶች ሁሉ ውስጡ አሉ። አንድ ጣት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ወደ ፊቷ አነሣችው፤ ተከፈተ። ከቆምሁበት ሆኜ የመልእክቱ ምልክት ላይ ያለው ቀይ ቁጥር ይታየኛል። እሷም አይታዋለች። አውራ ጣቷን በቁጥሩ ላይ አድርጋ ሸፈነችው፤ በሌላኛው እጇ የመኪናዋን ፕሮግራም ፈልጋ ነካች። ጥቂት ቆየ። ጣቷ ከቁጥሩ ላይ እንዳይንሸራተት አጥብቃ ያዘችው።

የመኪናዋ መብራት ብልጭ አለ፤ በሩ ተከፈተ።

ስልኩን ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ መለሰችልኝ። ገብታ ተቀመጠች። ፍራፍሬውን ከእጄ ወስዳ ጭኗ ላይ አቀፈችው።

የቀረውን መንገድ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር የሄድነው። ማን እንደሆነ እንዳትጠይቀኝ ለራሷም ለእኔም የከለከለች ይመስል አፏን ገጥማ ወደፊት ታያለች። ዘመዶቿን አንድ በአንድ እየጠራች እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም በቦታዋ ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። አደባባዩን ስናልፍ ሽማግሌዎቹ መቀመጫ ላይ ማንም አልነበረም። ያንን እሷም አየች።

«ዛሬ ጠዋት ለወንድሜ ደውዬለት ነበር» አለች። «አላነሣም።»

ጥያቄ አልነበረም። ዓይኔን ከመንገዱ ላይ አላነሣሁም፤ እጄንም ከመሪው ላይ አላንቀሳቀስሁም። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብዬ በሥራ ዘመኔ በሙሉ አምኜበት ኖሬያለሁ። የዚያን ጊዜ እርግጠኛ አልነበርሁም። ከረጢቱ ውስጥ ያሉትን ኮኮች በጣቷ ስትነካካ፣ ፕላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነበር የሚሰማው።

አባባ ቤት በሩ ክፍት ነበር። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ ማንም አያለቅስም። ሴቶቹ በግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ የማኅበረሰባችን ቄስ ከአባባ ጎን ናቸው። ሚስቴ ሁሉንም በዓይኗ ዞረቻቸው፤ ማን እንዳለ ሳይሆን ማን እንደሌለ ነበር የምታየው። ከዚያ ፍራፍሬውን ለአጎቷ ልጅ ሰጠችና የአባባን ጉልበት ስማ ባሳዩዋት ቦታ ተቀመጠች። በሁለት በኩሏ ሁለት ሴቶች ጠጋ አሉ።

ምግብ አመጡላት። እንጀራው ላይ ትንሽ ወጥ አድርገው፣ ከውሃ ጋር ፊቷ አስቀመጡ። ሳትበላ እንደማይነግሯት ታውቃለች። ለምን እንደምትበላ ታውቃለች፤ የሚያዩዋትም ማወቋን ከፊቷ አውቀዋል፤ ቢሆንም አንድም ሰው አልተናገረም፣ አንድም ሰው አላስቸኮላት። እየቆረሰች በላች። አንዳንዱን ጉርሻ ለመዋጥ ውሃ ያስፈልጋት ነበር። በሥራዬ ብዙ የከበደ ነገር ቆሜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሳህን የረዘመብኝ የለም። ጨረሰች። እጇን አስታጠቧት።

አባባ ከዘራቸውን ወደ ጎን አደረጉ።

«ልጄ» አሉ። «እኛም ሰምተን እዚህ ነን። ብቻሽን አይደለሽም። ታላቅ ወንድምሽ ዛሬ አርፏል።»

አልጮኸችም። ሴቶቹ ሊይዟት እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ እሷ ግን ዞራ እኔን ፈለገች። በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ብቻውን ነበር?» አለችኝ።

«አልነበረም። ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። ውሃ ስጪኝ ብሏት አጠጣችው፤ ክንዷ ላይ እንደተደገፈ ነው ያረፈው። ጠዋት ደውዬላት ከእሷው ከራሷ ነው የሰማሁት።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አንዴ፣ እንደገና አንዴ። ከዚያ ነጠላ አለበሷት፤ ድምፅዋን ለቀቀች፣ ሴቶቹም ተቀበሏት።